አያ ላቀውና የፌንጣዋ ሞተር

ባለፈው ክረምት ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ የተሳፈርሁበት አውቶቡስ ደምበጫን አለፍ ብሎ ፈላ። ሾፌሩ ዳር አስይዞ አቆመ፤ ረዳቱ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ፈታና ወደ ኋላ ዘለለ። እንፋሎቱ በመስኮት ገባ። የፈላ ዝገት ሽታ ነው፤ ትንሽ የተቃጠለ ዘይት፣ ትንሽ ጎማ፣ የበለጠው ግን ብረት ውስጥ ብዙ የቆየ ውሃ። አንድ ጎረምሳ ጀሪካን አንሥቶ ወደ ተምጫ ወንዝ ቁልቁል ሊወርድ ሲል ብድግ ብዬ "አትሂድ! ወንዙ ሞልቷል፣ አትሂድ!" ብዬ ጮህሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጁ ሳቀና "እናቴ፣ ከዚያ ካለው ቤት ነው እኮ የምቀዳው" አለኝ። አፍሬ ተቀመጥሁ።

ያ ሽታ ለእኔ የአያ ላቀው ሽታ ነው።

በስድሳዎቹ መጀመሪያ ፍኖተ ሰላም ላይ የእኛ ጓሮ ጋራዥ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ጓሮውን ለአያ ላቀው አከራየችው። እሱም አራት ምሰሶ ተክሎ ቆርቆሮ አለበሰና ከትልቁ ዋንዛ ቅርንጫፍ ላይ ሰንሰለት አንጠልጥሎ ሞተር ማውረጃ አደረገው። የሚበዙት ደንበኞቹ በርበሬና ኑግ የሚጭኑ አሮጌ የጣልያን መኪኖች ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ጎልማሳ ነው፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁረት ለፋሲካ እንኳ አይለቅም። ሙያውን የተማረው አሥመራ ነው። ብሎን ሲያጠብቅ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ወደ ትከሻው ያዘነብላል። "የሚጠብቅበትን ልክ ዓይን አያውቀውም፤ ክንድ ነው የሚያውቀው" ይለኝ ነበር። ትልቅ ሰው ሁሉ አንቱ በሚባልበት አገር፣ አያ እያልሁ አንተ የምለው እሱን ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ አሥር ዓመቴ ነው። ከጓሮው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጬ ሲሠራ ማየት እወድድ ነበር። ምንም አላግዘውም፤ እናቴ "ሴት ልጅ ዘይት ውስጥ ምን አላት!" ስለምትል ከአጥሩ አልወርድም። ዝም ብዬ አያለሁ። ምን ያስፈጥጥሻል ብሎ ተቆጥቶኝ አያውቅም።

አንድ ስእለት ነበረበት። ወጣት ሳለ በሚካኤል ዕለት ሞተር ሲያወርድ ሰንሰለቱ ተበጥሶ ብረቱ ክንዱን ለጥቂት ስቶት ወደቀ። ከዚያ ወዲያ በየወሩ በአሥራ ሁለት ብረት ላይነካ ተሳለ። ዋዜማው ሲመሽ መሣሪያውን በሣጥን ቆልፎ ቁልፉን ለእናቴ ይሰጣል። በማግሥቱ ነጭ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ስሞ ሲመለስ የበሩን መቀርቀሪያ እንኳ የምከፍትለት እኔ ነኝ፤ ብረት ነውና። ከተማው ይቀልድበት ነበር። "ላቀው በሚካኤል ሥጋ የሚቆርጠው በጥርሱ ነው" ይሉት ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ስእለቱን ግን በእነዚያ ዓመታት አንድ ቀን አላጎደለም።

ፌንጣዋ የመጣችው በሰኔ ማለቂያ ነው። ባለቤቷ ደረጀ ይባላል፤ የቡሬዋ ነጋዴ የእሜቴ ጥሩወርቅ አንድ ልጅ። አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበርና ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ አንዲት አሮጌ የስፖርት መኪና ገዛ። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ ቀለሟ ቅጠልያ ነው፤ ከመሬት ብዙም ከፍ አትልም፤ ስትነሣም ዘልላ ነው። ከተማው በአንድ ቀን ፌንጣ የሚል ስም አወጣላት። ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች ቆም ይሉና "ይቺ ሳታድግ ነው ወይ ያወጧት?" ይላሉ። ደረጀ ይህን ሲሰማ መሪውን እየደበደበ ይስቅ ነበር። የሚወደድ ልጅ ነበር፤ እኔም እወደው ነበር፤ ልጅ ብሆንም ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛልና።

ግን መኪናዋ አርጅታለች። ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች፣ ዘይት ትጠጣለች፣ ዳገት ላይ ታቃስታለች። አያ ላቀው አስነሥቶ ጆሮውን ጣል አደረገና "ሞተሯ መውረድ አለበት" አለ። ደረጀ ፈቃዱ የሚያልቀው በሐምሌ አሥራ ሁለት ስለሆነ ያን ዕለት ማለዳ መንገድ መጀመር እንዳለበት ነገረው።

"ትደርሳለች?" አለው።

"ትደርሳለች" አለ አያ ላቀው። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያች አንዲት ቃል ነው።

ሞተሩ በሰንሰለት ወጥቶ ዋንዛው ሥር ተበተነ። ፒስቶኖቹ በጋዝ ታጥበው ነጭ ጨርቅ ላይ ተደረደሩ፤ ቀለበቶቻቸው ተለወጡ፤ ቫልቮቹ አንድ በአንድ በእጅ ተሞረዱ። ቴስታታ የሚሉት ከሞተሩ አናት ላይ እንደ ክዳን የሚታሰር ከባድ ብረት አለ። በእሱና በሞተሩ መካከል ስስ ልባስ ይገባል፤ ውሃው ወደ እሳቱ፣ እሳቱ ወደ ውሃው እንዳይሻገር የሚከለክለው እሱ ነው። ያ ልባስ ከአሥመራ እስኪመጣ አሥር ቀን ፈጀ። ሞተሩ ተገጥሞ የተነሣው ሐምሌ አሥራ አንድ ቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ጭስ የለም፣ ማቃሰት የለም። አያ ላቀው እጁን እየጠረገ ሲስቅ አየሁት።

እናቴ እራቱን ይዛለት ስትወጣ፣ "አንድ ነገር ይቀረኛል" አላት። "ሞተሩ ሞቆ ሲቀዘቅዝ የቴስታታው ብሎኖች ይላላሉ፤ እንደገና መጥበቅ አለባቸው። አለዚያ ውሃው ያመልጣል። እስኪቀዘቅዝ ይነጋል፤ ነገ ደግሞ ሚካኤል ነው።"

"እንግዲያ ከነገ ወዲያ ይሂድ በለው" አለች እናቴ።

"እለዋለሁ" አለ። እኔ አጥሩ ላይ ነበርሁ።

በማለዳ ደረጀ ከቡሬ በጭነት መኪና ተሳፍሮ መጣ። አያ ላቀው ገና ከቤተ ክርስቲያን መመለሱ ነው፤ ጋቢው በካፊያ ረጥቧል። ደረጀ መኪናዋን አስነሣ። ድምጿን ሲሰማ እንደ ልጅ እጁን አጨበጨበና "አያ ላቀው፣ እጅዎ ይባረክ! እንዳሉኝ አደረሱልኝ፤ ቃልዎ ቃል ነው!" አለ። ሁለት ጎረቤቶችም በአጥር በኩል ብቅ ብለው ይሰማሉ። አያ ላቀው ጎረቤቶቹን አየት አደረገ። ከዚያ ጋቢውን አጣፋና፣

"ዛሬ እንኳ ባትሄድ ደግ ነበር፤ ቀኑ ሚካኤል ነው" አለው።

"ሚካኤል መንገደኛ ይጠብቃል እንጂ ያስቀራል እንዴ?" ብሎ ሳቀ ደረጀ።

ብሎኖቹን እስኪጠራ ጠበቅሁ። አልጠራም። እኛ አገር ነገርን ራቁቱን ማቅረብ ነውር ነው፤ ሸፈን አድርገህ ትናገራለህ፤ ሰሚው ብልህ ከሆነ ገልጦ ያየዋል። ደረጀ ግን ከሽፋኑ ሥር ምን እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ አንድ ሃይማኖተኛ ሰው ስለ በዓል የተናገረ ነው የመሰለው። ለእኔ እጁን አውለብልቦልኝ ወጣ። አያ ላቀው መኪናዋ ከታጠፈች በኋላም እበሩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ እኔም አፌ ውስጥ ያለውን ቃል ውጬ ተቀመጥሁ።

ወሬው በማግሥቱ ደረሰ። ፌንጣዋ የተምጫ ድልድይ ሳትደርስ ፈላች። ደረጀ ጣሳ ይዞ ውሃ ሊቀዳ ወረደ፤ ወንዙ ሞልቶ ነበርና የቆመበት ዳር ተናደ። ከማዶ ያዩት ገበሬዎች ጮኹ እንጂ ምን ያደርጋሉ። በሦስተኛው ቀን ታች ሾላ ሥር ተገኘ፤ ቡሬም ተቀበረ።

ከሞቱ የባሰው ከዚያ በኋላ የተወራው ነው። ጎረቤቶቹ የሰሙትን አወሩ። ላቀው ቀኑ ሚካኤል ነው ብሎት ነበር፤ እሱ ግን በመልአኩ ስም ስቆ ሄደ፤ መልአኩም ቀሠፈው ተባለ። ወሬው በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገበያ ዞረ። ደረጀ ንቀተኛ ሆነ፤ አያ ላቀው ደግሞ ጻድቅ። መንገድ ላይ የማያውቁት ሴቶች ሳይቀሩ ቆመው እጅ ይነሡት ጀመር።

ከአርባው በኋላ እሜቴ ጥሩወርቅ ራሳቸው ጓሮአችን መጡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ፊታቸው ተልጧል። ተጎትታ የመጣችውን ፌንጣ በእጃቸው ዳበሷትና ለአያ ላቀው እንዲህ አሉት፦ "ለሚካኤል ተስያታለሁ። ልጄን እንዲምርልኝ። ሞተሯን እንደገና ሥራልኝና ለሙት ዓመቱ ቡሬ አምጣልኝ፤ ለመልአኩ አስረክባታለሁ። ቀኑን ነግረኸው ነበር አሉኝ፤ እውነት ነው?"

"ነግሬው ነበር፣ እሜቴ።"

"አንተስ ብሩክ ሁን" አሉና ያን ጥፍሩ የጠቆረ እጁን ሳሙት። እኔ አጥሩ ላይ ሆኜ ፊቱ ሲገረጣ አየሁ።

እዚህ ላይ ነው የእኔና የአያ ላቀው ጭንቅ የጀመረው። እሜቴ ልጃቸው ባልሠራው ኃጢአት ዓመት ሙሉ ሊያለቅሱ ነው፤ እውነቱን የሚያውቅ ደግሞ ከእሱ፣ ከእናቴና ከእኔ በቀር የለም። አንድ ጊዜ እናቴን "ብሎኖቹ እኮ" ብዬ ብጀምር አፌን በእጇ ከደነችው። "የባለቤቱን ነገር ባለቤቱ ይናገረው" አለችኝ።

ሞተሩ ዳግመኛ ወረደ። አያ ላቀው አሮጌውን ቴስታታ መስታወት ላይ ደፍቶ በሥሩ ብርሃን ሲያልፍ አየ፤ በሙቀት ተጣሟል። ሌላ ከአሥመራ አዘዘ፤ የተጣመመውን ግን አልጣለውም። አዲሱ መጥቶ ከተገጠመ በኋላ ብሎኖቹን አጠበቀ። በማግሥቱም አጠበቀ። ከሚካኤል በቀር በየቀኑ ጠዋት፣ ሌላ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ በዚያችው ተራ አንድ በአንድ ይሞክራቸዋል፤ የብሎን ቁልፉ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። ዓይኑን ግን አይጨፍንም፤ ክንዱን ማመን ትቶ ነበር። ፊቱንም ወደ አጥሩ አያዞርም፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይሠራል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከቅጥሩ አይገባም፤ ከውጭ ተሳልሞ ይመለሳል። ሰዎች ይህንንም ትሕትና ነው አሉት።

አንድ ቀን፣ በጥር ይመስለኛል፣ በጠራራ ፀሐይ ድንገት ሥራውን አቁሞ "ትሰሚያለሽ?" አለኝ።

"ምኑን?"

"ፈላች።"

ፌንጣዋ ከተነሣች ሳምንት አልፏታል። ያን ቀን ብቻ ከአጥሩ ወረድሁ። እጄን ራዲያተሩ ላይ አኖርሁ፤ የምንጭ ድንጋይ ያህል ቀዝቅዟል። ጆሮዬን ሳስጠጋ ግን ሰማሁ፤ ከሥር፣ ከሩቅ የሚመጣ የውሃ መንተክተክ። ዛሬም ቢሆን ሰምቻለሁ እላለሁ። "የለም፣ አይሰማም" አልሁትና ሮጬ ቤት ገባሁ።

ለሙት ዓመቱ እኔና እናቴ በአውቶቡስ ቡሬ ሄድን። ዳሱ ሞልቷል፤ ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ተቀምጠዋል። የቡሬ ካህናት ስለ ስእለቱ ሲነጋገሩ "ለመሆኑ ማን ይነዳታል?" "ቄሰ ገበዙ ናቸዋ!" ሲባባሉ ሰምቼ ሳቄ መጥቶ ነበር። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ከሩቅ መጣ። እንከን የለበትም። እሜቴ ጥሩወርቅ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተቱ፤ ልጃቸው ሲመጣ የሚሰሙት ያንን ድምፅ ነበርና።

አያ ላቀው ነጭ ለብሷል፤ በሚካኤል ዕለት መሪ ጨብጦ መምጣቱ ስእለቱን ማፍረሱ እንደሆነ ያወቅነው እኔና እናቴ ብቻ ነንና ደንግጠን ተያየን። ከጎኑ ካለው መቀመጫ ላይ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር አነሣ። ጋቢውን ገለጠው። የተጣመመው ቴስታታ ነው። አንሥቶ ማጅራቱ ላይ አደረገና ጫማውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከበሩ እስከ ዳሱ በሕዝቡ መካከል መጣ። ደም ያለበት ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከባለ ደሙ እግር ሥር እንደሚወድቅ የማያውቅ የለም። ብረት የተሸከመ ግን አይተው አያውቁም።

"ምንድን ነው ይሄ፣ ላቀው?" አሉት እሜቴ።

"እሜቴ፣ ልጅዎን ቀኑ አልገደለውም። እኔ ነኝ።"

"ነገሩን ከሥሩ ንገረኝ።"

"ሥራው አላለቀም ነበር። ብሎኖቹ ዳግመኛ ሳይጠብቁ ነው የሄደው፤ መኪናዋ የፈላችው ለዚህ ነው። ትደርሳለች ብዬ ቃል ሰጥቼ፣ በሰው ፊት አልደረሰችም ማለት አፈርሁ። እሱን ትቼ ቀኑ ሚካኤል ነው አልሁት።"

እሜቴ ቀስ ብለው፣ "ብሎኑን ብትነግረው ኖሮ ይቀር ነበር?" አሉት።

"ይቀር ነበር። ስለ ሞተር ያልሁትን ሁሉ ይሰማኝ ነበር።"

ብድግ አሉ። ወደ ሕዝቡ ዞሩና ደረታቸውን እየደቁ ጮኹ። "ሰማችሁ? ልጄ መልአክ አልናቀም! ሰማችሁ የቡሬ ሰዎች? ልጄ ንጹሕ ነው!" ያ ጩኸት እልልታ ይሁን ለቅሶ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ሴቶቹ ሁሉ አብረዋቸው አለቀሱ፤ እናቴም እኔም አለቀስን። አያ ላቀው ከነብረቱ እንደተንበረከከ ነው።

ከካህናቱ አንዱ "እንግዲህ ያውርዱለት" አሉ። ሸክሙን የሚያወርድ ተበዳዩ ብቻ ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። እሜቴ አዩት። "እኔ ይህን ነውር ዓመት ሙሉ ተሸክሜዋለሁ፤ እጁንም ስሜዋለሁ። ተሸክሞ ይመለስ። የሚያወርድበትን ቀን እኔ እነግረዋለሁ" አሉ።

ከቡሬ ስንመለስ በአውቶቡሱ መስኮት አየሁት፤ በዝናብ ውስጥ፣ በእግሩ፣ ብረቱ ማጅራቱ ላይ። ፌንጣዋን እዚያው ለመልአኩ ትቷት ነበር፤ ጥቂት ወር ዶሮ ሰፈረባትና በመጨረሻ አንድ የማርቆስ ሰው ገዛት አሉ። እሱ ግን ከዚያ ወዲያ በየወሩ በአሥራ ሁለት ጠዋት ቴስታታውን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ፊቱን ወደ ቡሬ አዙሮ ዋንዛው ሥር ይቀመጣል፤ ቅዳሴ እስኪወጣ አይነሣም። ቀልድ ያውቅ የነበረው ከተማ አሁን አጥሩ ጥግ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፋል።

በስድስተኛው ወር፣ የጥር ሚካኤል ዕለት፣ እሜቴ ጥሩወርቅ ብቻቸውን መጡ። በጣም ከስተው ነበር። "ሞት ቢቀድመኝ ተሸክመኸው ትቀራለህ ብዬ ፈራሁ" አሉትና በሁለት እጃቸው ብረቱን ያዙ። አልቻሉም። እናቴ ልታግዛቸው ስትሮጥ "ማንም እንዳይነካው!" አሉ። እንደገና ሞከሩ፤ ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ። አያ ላቀው ቀስ እያለ ግንባሩ መሬት እስኪነካ ጎነበሰ፤ እሳቸውም ፊት ለፊቱ ተቀመጡና ብረቱ ተንሸራትቶ ጭናቸው ላይ አረፈ። አቅፈውት ብዙ ቆዩ።

"እንዲህ ይከብዳል?" አሉት።

"አዎ፣ እሜቴ።"

"አላወቅሁም፣ ልጄ" አሉ።

በዚያው ዓመት ክረምት ሳይገባ ሞቱ።

አያ ላቀው ከእኛ ጓሮ የለቀቀው እኔ አሥራ ስምንት ሲሞላኝ ነው። ወገቡ እምቢ ብሎት ጠበል ሊጠመቅ ወደ ግሽ ዓባይ ሊሄድ ነበር። ሊሰናበተን ሲመጣ እናቴ ውስጥ ነበረችና ዓመታት ያፈንሁትን ነገር አወጣሁት። "አያ ላቀው፣ ያን ጠዋት ስለ ብሎኖቹ እኔም ዐውቅ ነበር። ለደረጀ ልነግረው እችል ነበር" አልሁት።

"ዐውቃለሁ" አለኝ። "አጥሩ ላይ አልነበርሽ? ዓመት ሙሉ ያባነነኝ ወንዙ አይደለም፤ ደረጀም አይደለም። አንቺ ነሽ። ጀርባዬን ብሰጥሽ እንኳ ተናገር፣ ተናገር የምትዪኝ ይመስለኝ ነበር።"

"እኔ እኮ ምንም አላልሁህም፤ ፈርቼ ዝም ብዬ ነው የማይህ።"

"ዝም ብለሽ ነዋ" አለና ግንባሬን ስሞኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ሰው ትኩር ብዬ ማየት ያን ቀን ተውሁ። ልጆቼ ሲያጠፉ ዓይኔን መሬት ላይ አድርጌ ነው የምቆጣቸው። እነሱ እናታችን ዓይን አፋር ናት ይላሉ።